ዳዋ ወንዝም ነው፣ ስምም ነው

ለእኛ ለነገሌ ቦረና ልጆች ዳዋ መጀመሪያ ወንዝ ነው። በበጋ ከብት ይወርድበታል፣ ዶሎ ላይ ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል።

ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሏል። በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ ከባለሜዳዋ ካሜሩን ጋር ተፋጠናል። ገና በ4ኛው ደቂቃ የአዳማ ከተማው አጥቂ ዳዋ ሆቴሳ አገባ! ወንበር ተገለበጠ፣ ሻይ ፈሰሰ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ኳስ ብዙም አይከታተሉም። ክንዴን ያዝ አድርገው «ዳዋ ነው ያለው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ዳዋ ነው።»

ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። እስኪያልቅ ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

4 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ በፊትም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ደሴታማዋ ኬፕ ቨርዴ በአጥቂዋ ጁሊዮ ታቫሬስ ጎል 1 ለ 0 አሸንፋናለች። በዚያ የአፍሪካ ዋንጫ ዋሊያዎቹ ያገቡት 2 ጎል ብቻ ነው፤ አንዱ የዳዋ፣ ሌላው ጌታነህ ከበደ ቡርኪናፋሶ ላይ ያስቆጠረው ፍጹም ቅጣት ምት።

በወሩ ማለቂያ ለፍጻሜ የደረሰችውን ግብፅን ደግሞ ሰኔ 2 ቀን 2 ለ 0 ረታናት። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ዳዋ፣ ሁለተኛውን ሽመልስ በቀለ ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ግን ጨዋታው የእኛ ሜዳ ጨዋታ ሆኖ ሳለ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አገራችን ውስጥ ስላልነበረ! ያን ድል ቆሞ ማጨብጨብ የሚገባው የአገሬ ሰው በቴሌቪዥን አየው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሰፈራችንን ሜዳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ፍየል ሲያልፍ ጨዋታው ይቆማል። ነፋስ ሲነሳ ቀዩ አቧራ ኳሷን ይሸፍናትና ልጆቹ በድምፅ ይፈላለጋሉ። ባለፈው አንድ የ12 ዓመት ልጅ በባዶ እግሩ ሦስቱን አታሎ ሲያገባ አየሁ። ወዲያው ቁጭ ብሎ ከተረከዙ እሾህ ነቀለና ተነስቶ ሮጠ። እንዲህ ያለ ልጅ ያቤሎም አለ፣ ሞያሌም አለ። ችሎታ አላጣንም፤ ያጣነው የተደለደለ መሬትና መጥቶ የሚያይ አሠልጣኝ ነው።

ግሬደር ያላችሁ ወንድሞቼ፣ አንድ ቀን ብቻ ስጡን። ድንጋዩን እኛ እንለቅማለን።