የቆሎ ተማሪ ጎጆ

ፈረንጆች ጫካ ገብተው ጎጆ ሲቀልሱ በዩቲዩብ ማየት እወዳለሁ። ግን በእኛ በጎጃም ይህን ሙያ ከቆሎ ተማሪ በላይ ማን ያውቀዋል? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፣ የአብነት ትምህርት ቤት ያለበት ደብር ሄዳችሁ እዩ። ተማሪው ባላውን ይተክላል፤ ማገሩን ገና እርጥብ በሆነ ልጥ ጥፍር አድርጎ ያስራል፤ ልጡ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራላ! ሰንበሌጡን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይደርባል፣ የክረምቱ ዝናብ እየተንሸራተተ እንዲወርድ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ እዚያች ጎጆ ውስጥ ቅኔ የሚቆጥር ልጅ ለእኔ ትልቅ ባለሙያ ነው። የጎጃሙን ዋሸራ በቅኔ ያስጠሩት እንዲህ ባለ ኑሮ ያለፉ ናቸው። ካምፕ ለመውጣት የምታስቡ ወጣቶች፣ መጀመሪያ ከቆሎ ተማሪዎች ተማሩ። የደብሩን ወይራና ዋንዛ ግን አደራ አትንኩ፤ የወደቀ እንጨት ይበቃችኋል።