የአባቴ እንቅልፍ



መድረሳ ሳለሁ ከቀራናቸው መስአላዎች አንዱ እንቅልፍ ውዱእ ያፈርሳል ወይ የሚለው ነበር። በሻፊዒ መዝሀብ መቀመጫውን መሬት ላይ አጥብቆ እንደተቀመጠ ያንቀላፋ ሰው ውዱኡ አይፈርስም። እስካሁን ያልረሳሁት በአባቴ ምክንያት ነው። ጁሙዓ ኹጥባ ሲጀመር ያንቀላፋል፤ ማንኮራፋቱ ከኋላችን ካለው ሰፍ ይሰማል። እኔ አጠገቡ ሆኜ መቀመጫው ተነሳ አልተነሳ እያልኩ አየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አፍርበት ነበር። ዲኑ ላይ የሰነፈ መስሎኝ በልቤ ወቅሼዋለሁ።

አባቴ ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሰውነቱ ግዙፍ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ፣ ተመችቶታል» ይለዋል። ባለፈው ረመዳን እንቅልፍ ወስዶት መኪናውን ከአስፋልት አወጣው። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። ሁላችንም በጾሙ አሳበብን። እናቴ ግን ለሐኪሙ ሌላ ነገር ነገረችው፦ ሌሊት እያንኮራፋ በመሀል ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ይባንናል። ደም ግፊቱም በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ብሎ ነበር።

በምርመራው ሌሊት ትንፋሹ በሰዓት 41 ጊዜ ሲቋረጥ ወይም ሲያጥር ተገኘ። ከ30 ካለፈ ከባድ ይባላል። ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ነው።

ነገሩን በትምህርቴ በኩል ስመለከተው ገባኝ። ጉሮሮ ለስላሳ ቱቦ ነው። ስንተኛ ጡንቻው ይላላል፤ በምላስና በአንገት ዙሪያ ስብ ከተከማቸ ቱቦው ይዘጋል። ደረት በተዘጋ ቱቦ አየር ለመሳብ ሲታገል ልብም አብሮ ይጎተታል። ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጣል፣ ግፊት ይወጣል። የጤነኛ ሰው ደም ግፊት ሌሊት ዝቅ ይላል፤ የአባቴ ልብ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ስትወጣ ታድራለች።

ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል ማሽን ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው ነው፤ በጭንብል አየር እየነፋ ቱቦው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። የአባቴ ግፊት 10 ሳንቲሜትር ውሃ ነው፤ ይህ ከከባቢ አየር ግፊት 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ያን ያህል ትንሽ ነገር! ማሽኑን ሪያድ ያለችው አክስቴ ልካለት፣ መጀመሪያ «እኔ ፓይለት ነኝ እንዴ?» ብሎ ወረወረው።

ማሽኑ ልብን ፈጽሞ ያድናል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከ2,700 በላይ የልብና የአንጎል ደም ሥር ሕመምተኞችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ሲፓፕ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ሲቀንስ አላገኘም፤ የቀን እንቅልፍን ግን ቀንሷል። ሰዎቹ የተጠቀሙበት በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። ሐኪሙም ያለው ይኸንኑ ነው፦ ሌሊቱን ሙሉ አድርገው፣ ክብደትህንም ቀንስ። ቲርዜፓታይድ የተባለ የክብደት መርፌ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 ወፍራም ለሆኑ የዚህ ሕመም ታማሚዎች አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ እኛ ቤት ግን የተጀመረው ከሻይ ስኳር ነው። አራት ማንኪያ ነበር የሚያደርገው። ከኢፍጣር ሳምቡሳ ጋር ያለው ድርድር ገና አላለቀም።

የኔ ድርሻ መብራት ነበር። አባቴ ብዙ ሌሊት ጋቢና ውስጥ ያድራል። ማሽኑ 24 ቮልት ነው፣ የመኪናው ባትሪም 24 ቮልት፤ ሞተር ሲነሳ ግን ወደ 28 ስለሚወጣ በቀጥታ አይገናኝም። በመሀል ቮልቴጁን የሚያረጋ መቀየሪያ አስገባሁለት። የዚያን ቀን «አውፍ በለኝ» አልኩት። «ምን አድርገህ?» አለኝ፤ ስለ ጁሙዓው ነገርኩት፣ ሳቀብኝ።

ባለፈው ጁሙዓ ማታ ደወለልኝ።

«ይህ ኢማማችን» አለኝ፣ «ኹጥባ ያስረዝማል። ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?»