ከግድግዳው ወዲያ ማን ተኝቷል?

ልጄ ባጃጅ የገዛ ዕለት ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ዋለ። እናቴ ፈንዲሻ በተነች፤ ጎረቤቱም «የበረከት ያድርግልህ» እያለ መረቀው። ሲመሽ ግን ማንም ያላሰበው ጥያቄ መጣ፤ ባጃጁ የት ይደር? ደጅ የሚያድር ባጃጅ ለባለቤቱ እንቅልፍ አይሰጥም።

ያለን አንድ ትርፍ ክፍል እናቴ በቆሎና ጤፍ ታስቀምጥበት የነበረው ነው። እንደ አብዛኛው የፍኖተ ሰላም የቆየ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ሲሆን፣ በአንድ ወገን ከመኝታ ቤት ጋር ይዋሰናል። እዚያ የምትተኛው እናቴ ናት፤ ከጎኗ ደግሞ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ።

በሩን አሰፋንና የብረት መዝጊያ ገጠምን። የቀረው የውስጥ ግድግዳው ነበር። እኔ በሲሚንቶ አስለስኜ የዘይት ቀለም ላስቀባው ፈለግሁ። አሜሪካ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ እዚህ የጋራዥ ግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ ነው የሚለብሰው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ጭቃ ምን አነሰው? እኔው እመርገዋለሁ» አለች።

አባወራው እኔ ነኝና ሲሚንቶው አሸነፈ። ግንበኛው ሥራ ሳይጀምር «መምህር፣ ጭቃና ሲሚንቶ ጥሩ ባልና ሚስት አይሆኑም። የዶሮ ሽቦ በምስማር ካልተመታበት አይዝም» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። የሽቦው ዋጋ ከነከነኝና «ግድ የለም» አልኩት። ልስኑ ሲያልቅ ግድግዳው እንደ መስታወት ለሰለሰ። እኔም ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ።

የእኛ አገር ክረምት ግን ማንንም አያስተርፍም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ደረቅ ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም። ነሐሴ ላይ ግድግዳው ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ይጮህ ጀመር። አንድ ሌሊት የመሶብ ክዳን የሚያህል ልስን ባጃጁ ላይ ወደቀ። ሲወድቅም የድሮውን ምርጊት ይዞ ስለወረደ፣ ማገሩ ድረስ ስንጥቅ ተከፈተ። እኔ ያዘንኩት ለገንዘቤ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት «አባባ፣ ራሴን አመመኝ» ትለኝ ጀመር። ትምህርት ቤት ላለመሄድ ነው ብለን ተቆጣናት። አንድ ቀን ግን «ቤቱ እኮ ባጃጅ ባጃጅ ይሸታል» አለች። እናቴ ስንጥቁን በጣቷ እየዳሰሰች አየችኝ። ምንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ተከታተልኩ። ዝናብ ስለነበር ልጄ በሩን ሳይከፍት ሞተር ያሞቃል። ጥግ ላይ ደግሞ «ሲጠፋ ይሆነኛል» ብሎ ያስቀመጠው የቤንዚን ጀሪካን አለ። ከግድግዳው ወዲያ እናቴ በየቀኑ ከሰል አያይዛ ቡና ታፈላለች! የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ እሳት ያለበት ይደርሳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም መልክም የለውም፤ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

የእህቴ ልጅ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ ጋራዥን ከቤት የሚለየው ግድግዳ በጋራዡ በኩል ቢያንስ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጂፕሰም ቦርድ እንዲለብስ ያዛል። ለውበት አይደለም። ጂፕሰም በውስጡ ውኃ ስላለ፣ እሳት ሲነካው ውኃው እየተነነ ቃጠሎውን ያዘገያል፤ የተኛው ሰው ነቅቶ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ተራው ጂፕሰም እርጥበት አይወድም፤ የእኛ ክፍል ደግሞ ክረምት ሙሉ እርጥብ ነው። ወፍራምና ስንጥቅ የሌለው ጭቃም አይቃጠልም። እናቴ ትክክል ነበረች።

መኝታ ቤቱን በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ አራገፍን። እናቴ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አስረግጣ ለቀናት አቦካችው። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት ስንጥቁን ሁሉ ደፍኖ እስከ ጣሪያው ክዳን ደረሰ። ሲደርቅ የተሰነጣጠቀውን በላመ አፈርና በእበት ደግማ ለቀለቀችው። በመጨረሻ ኖራ ቀባነው፤ ነጭ ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ ቶሎ ይታያል። በሌሎቹ ግድግዳዎች የታችኛው አንድ ሜትር ሽቦ ተመትቶበት በሲሚንቶ ተለሰነ፤ የጎማ ጭቃና ውኃ የሚረጨው እዚያ ነውና። በዚህኛው ዙር ግንበኛውን ሰማሁት።

ዋናው ግን ከምርጊቱም ይበልጣል፤ የትኛውም ልስን የሞተር ጭስን አምኖ የሚተኙበት አይደለም። ጀሪካኑ ከቤት ወጣ። ልጄም ዝናብ ቢሆን ባጃጁን ገፍቶ ግቢ ካላወጣ ሞተር አያስነሳም። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ራሴን ብላ አታውቅም።

እናንተም ለመኪና ወይም ለባጃጅ ክፍል ስታሰናዱ፣ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚተኛ ጠይቁ። ሕፃን ልጅ «ይሸታል» ስትልም አትቆጧት።

እናቴ አሁንም ማታ ማታ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች።

«ምን ይሸታል?» እላታለሁ።

«ጭቃ» ትለኝና ከልጅቷ ጎን ጋደም ትላለች።