አይጥን «አመመሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ

ቶናው ደርሷል፣ ሲኒህን አቀብለኝ።

ለመሆኑ ምች ሲመታህ ምን ታደርጋለህ? መቼም ዳማከሴ ቀጥፈህ በመዳፍህ ታሸዋለህ፤ ጠረኑ አፍንጫህን ሲሰነፍጠው ገና ሳትድን የዳንክ ይመስልሃል። በማግስቱ ቀሎህ ትነሳለህ። ግን ወዳጄ፣ ያዳነህ ቅጠሉ ነው ወይስ እንቅልፉ? ሙሽራዋ «ካልታዘልኩ አላምንም» እንዳለችው፣ ተመራማሪም ይህችን ሳይለይ አያምንም። ዳማከሴ ከጓሮ ተነስቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄደው፣ አይጦችም የቀመሱት ለዚሁ ነው።

አይጥ ደግሞ «ወገቤን» አትል። ታዲያ እንዴት ትጠየቃለች? አንዱ ዘዴ የጋለ ሳህን ነው፤ ሙቀቱ 55 ዲግሪ ገደማ። አይጧ ትቀመጥበትና ሰዓት ይያዝባታል፤ መዳፏን ስትልስ ወይም ስትዘል ወዲያው ትነሳለች። ዝም ብትልም እንዳትቃጠል ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ያነሷታል። ጭካኔ ነው አልክ? እኔንም ደስ አይለኝም። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ያሳተሙት መጽሐፍ ሌላ መንገድ ካለ እንስሳውን ተዉት፣ ከሌለም ቁጥሩንም ሥቃዩንም ቀንሱ ይላል፤ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ሌላው ዘዴ፣ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠውን አሲድ ሆዷ ውስጥ በመጠኑ ወግቶ ስንቴ እንደተኮማተረች መቁጠር ነው። እዚህ ላይ ልብ በል! ሞርፊን በሁለቱም ፈተና ሕመሙን ያስታግሳል። አስፕሪን ግን በአሲዱ ይረዳል እንጂ ሳህኑ ላይ እምብዛም ነው። ስለዚህ ቅጠሉ የቱ ላይ እንደሠራ ሲታይ፣ ሕመሙን እንደ ሞርፊን አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ ነው የያዘው ወይስ እንደ አስፕሪን እዚያው የታመመው ቦታ ላይ የሚለው ይገመታል። ይገመታል ነው ያልኩህ፤ የደነዘዘች አይጥም አትዘልምና። ለዚህም ቅልጥፍናዋ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ለብቻው ይፈተናል።

ቅጠሉ እብጠት ይቀንስ እንደሆነስ በምን ይለያል? ካራጂናን የሚባል ከቀይ የባህር አልጌ የሚወጣ ነገር አለ፤ አይስክሬም የሚያወፍሩበት እሱው። መዳፍ ሥር ሲወጋ ግን በጥቂት ሰዓት ያሳብጣል። እግሩ ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና ከፍ ባለው ፈሳሽ ልክ እብጠቱ ይለካል። አንዱ ቡድን ቅጠሉን፣ አንዱ የታወቀ መድኃኒት፣ አንዱ ባዶ ውሃ ይሰጠዋል። ውሃ የጠጣው ቡድን ከሌለ ማን ምን እንዳዳነ አይታወቅም፤ የእኔና የአንተ የምች ወሬ የጎደለው እሱ ነው።

«የተፈጥሮ ቅጠል ምን ይጎዳል?» የሚሉህን ደግሞ ኮሶን አስታውሳቸው። ትሉን ያወርዳል፤ ሲበዛ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።