ዚግዛጉ ውስጥ የተደበቁት ሃይድሮጅኖች

የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተማሪ ቀመር መሸምደዱን ትቶ ቶሎ ወደ ሞለኪውሉ ስዕል ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ። አረቄ ውስጥ ያለውን ኤታኖል እንውሰድ፦ ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን። የዳይሜቲል ኢተርም ቆጠራ ያው ነው። የሚለያዩት በኦክስጅኑ ቦታ ነው፤ በኤታኖል ኦክስጅኑ ዳር ሆኖ ሃይድሮጅን ይይዛል፣ በኢተሩ ግን በሁለቱ ካርቦኖች መሃል ይገባል። በዚህች ልዩነት ብቻ አንዱ በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ ሌላው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ላይ፤ በክፍል ሙቀት ጋዝ ነው ማለት ነው። ይህን ቀመሩ አይነግራችሁም።

«ሞለኪውሉ በተጣጠፈ መስመር ብቻ፣ በዚግዛግ፣ ሲሳል ካርቦኑም ሃይድሮጅኑም አይታይም፣ ጀማሪን ግራ ያጋባል» የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ግን ፊደል ያልተጻፈበት ጫፍና መታጠፊያ ሁሉ ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ አራት ቦንድ ይፈልጋል። መታጠፊያው ላይ ሁለት ነጠላ መስመር ከተገናኙ ሁለት ሃይድሮጅን ተደብቋል፣ ጫፍ ላይ አንድ ነጠላ መስመር ብቻ ካለ ሦስት። ከመታጠፊያው መስመሮች አንዱ ድርብ ከሆነ የሚቀረው አንድ ነው። አምስት ቦንድ ያለው ካርቦን (ያ ከፈተና ወረቀት የማይጠፋው ጉድ!) የሚሳለው ይህ ቆጠራ ሲዘለል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ዚግዛጉን ማዘግየት ሳይሆን አቶሞቹ ሁሉ ወደሚታዩበት ሙሉ ስዕል እየመለሱ መቁጠር ነው። ኮምፒውተር ይስለዋል ለምትሉኝ፦ ይስለዋል፤ የሳለውን ማንበብ ግን ያው የኛ ሥራ ነው።

እናንተስ መጀመሪያ የተማራችሁት በየትኛው ነው፣ በሙሉው ስዕል ወይስ በዚግዛጉ?