ኳሱና ደብተሩ

ሬሆቮት፣ ኪርያት ሞሼ ያደግን ልጆች ሁላችንም አንድ ወቅት ኳስ ተጫዋች ልንሆን ነበር። ወላጆቻችን ግን «ኳስ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» ይሉን ነበር። ዛሬ ተማሪዎች ሆነናል፤ ሕልሙ ለታናናሾቻችን ተላልፏል።

ባለፈው ወር የአንዷ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም «ትምህርት አቆማለሁ፤ እንደ ኤሊ ዳሳ እሆናለሁ» አለ። እናቱ ተጨንቀው «ልጆቼ፣ እናንተ ምከሩልኝ» አሉን።

ሄደን የዳሳን መንገድ አብረነው ቆጠርን። እ.ኤ.አ. በ1992 ነታንያ ተወለደ። በቤይታር ኢየሩሳሌም ተጫወተ፤ በ2015 ወደ ማካቢ ቴል አቪቭ፣ በ2019 ወደ ሆላንዱ ቪቴስ፣ በ2022 ወደ ዲናሞ ሞስኮ ሄደ። የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበልም ሆነ፤ ከቤተ እስራኤል ልጆች የመጀመሪያው። ደግሞ ተከላካይ ነው። ጭብጨባው ለጎል አግቢው ነው፤ እሱ ግን ጎል እንዳይገባ ይሮጣል።

«ስንት ዓመት ፈጀበት?» አለ ልጁ።

«ከቤይታር እስከ ሞስኮ ከአሥር ዓመት በላይ» አልነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የእኛም ዲግሪ እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ጉልበት ከተጎዳ ኳስ ሊያበቃ ይችላል፤ የተማሩት ግን አብሮ ይኖራል።

በመጨረሻ ተስማማን፦ ልምምዱን አይተውም፣ ባግሩቱንም ይጨርሳል። ሒሳብ በየተራ እናስጠናዋለን። እናቱም ጨዋታውን ሄደው ሊያዩ ቃል ገቡ።

ስንወጣ ከመካከላችን አንዱ ዝም አለ። በልጅነቱ ለሙከራ ተጠርቶ ሳይሄድ ቀርቷል። ያኔ አብሮት ቁጭ ብሎ መንገዱን የቆጠረለት ሰው አልነበረም።