ክብደቱ ወረደ፣ ኮሌስትሮሉ ወጣ

ዛሬ ጠዋት የደም ምርመራ ውጤቴን ተቀበልኩ።

ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከፓስታ ከተለያየሁ አራት ወሬ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ "በደምዎ ያለው ስብ፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ወርዷል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ደግሞ ከፍ ብሏል። ጎበዝ!" አለችኝ።

ቀጥላ ግን እስክሪብቶዋን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈች። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፦ 178። ከ100 በታች ቢሆን ነበር የሚመረጠው።

"እንጀራውን በምን ተኩት?"

ዝም አልኩ። ዓይኔ ላይ የመጣው ክትፎው ነው፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ የረጋችውን ቅቤ ሳይቀር በማንኪያ ስጠርጋት።

ለካ ቅቤ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው። እሱ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። በአንዳንዱ ሰው ብዙም አይታወቅም፣ በሌላው ግን ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። እኔ ከሁለተኛዎቹ ሆኜ ተገኘሁ።

"ታዲያ ወደ እንጀራው ልመለስ?"

"የግድ አይደለም። ቅቤውንና የሰባውን ሥጋ ይቀንሱ። አቮካዶ፣ ዓሣ፣ በዘይት የተሠራ ጎመን፣ ተልባ ይጨምሩ። ከሦስት ወር በኋላ እንለካዋለን።"

ተልባ! እናቴ ለጾም ስትበጠብጥልኝ አፍንጫዬን ይዤ የምሸሸው ተልባ፣ ዛሬ በሐኪም ታዘዘልኝ።

እናንተስ? እንጀራ የቀነሳችሁ ካላችሁ፣ በምን ተካችሁት? ከዚያ ወዲህስ ደማችሁን አስመርምራችኋል ወይስ እንደኔ ሚዛኑን ብቻ አምናችሁ ተቀምጣችኋል?